ነጭ የሆነው ሪፖርትና ፖርት 9222፦ የርቀት ዲበጊንግ ግምገማዬ

ጳጉሜን 2 ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ፍኖተ ሰላም ካለ አንድ የእህል መደብር ሒሳብ የምትሠራው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ነጭ ሆነ» አለችኝ። «ሽያጩ ይመዘገባል፣ ደረሰኙም ይወጣል። ሪፖርት ስለው ግን ባዶ ነው የሚያሳየኝ። እትዬ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ የዱቤው ሒሳብ መዘጋት አለበት ብለው አጠገቤ ቆመዋል።»

ፕሮግራሙን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የሠሩት ሰዎች ሸጠው ሄደዋል፣ ስልክም አያነሱም። እኔ ጋ ያለው ጥገናው ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ድሮ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ መሄድ፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም መውረድ፣ ደርሼም ያው ነጭ ገጽ ፊት ተቀምጬ መገመት። አሁን ግን ከወንበሬ ሳልነሳ የመደብሩን ፕሮግራም ሆድ ከፍቼ አየሁት። ያሳየኝ ነገር የርቀት ዲበጊንግ ይባላል፣ የፕሮግራምን ስህተት ከሩቅ ሆኖ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። በነጻ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ማሽን ላይ አሁንም ተኝቶ አለ፣ ስለሱ በአማርኛ የጻፈ ሰው ግን አላየሁም። ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም እኔ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ። ዛሬ ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭናቸው ብዙ ፕሮግራሞች ውስጣቸው ብራውዘር አለ። አድራሻ መጻፊያ የለውም፣ ታብ የለውም፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚል ቀስት የለውም፣ ስለዚህ ብራውዘር አይመስልም። ግን ነው። ክሮም የተሠራበት ክሮሚየም እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ይህን መንገድ ካስለመዱት አንዱ ሲኢኤፍ የሚባለው ነው፣ ማርሻል ግሪንብላት በ2008 እ.ኤ.አ. የጀመረው ክፍት ፕሮጀክት። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በራሱ ብራውዘር በኤጅ ላይ የቆመውን ዌብቪው2 አወጣ። ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ይመጣል። ኤሌክትሮንም አለ፣ ኪውት ዌብኤንጅንም አለ። ሁሉም የክሮሚየም ልጆች ናቸው።

ለፕሮግራመር ይህ ጥሩ ነው። ሪፖርቱን፣ ደረሰኙን፣ ሰንጠረዡን እንደ ድረ ገጽ ይሠራዋል። ችግሩ ነገር ሲበላሽ ነው። ክሮም ላይ ቢሆን ኤፍ12 ተጭነህ የገጽ መመርመሪያው ዴቭቱልስ ይከፈታል፣ ስህተት በሚጻፍበት ክፍል፣ ኮንሶሉ ላይ፣ በቀይ የተጻፈውን ታነባለህ፣ አለቀ። ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረው ብራውዘር ላይ ግን ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ ኤፍ12ን ይዘጉታል፣ የቀኙን ክሊክም ይዘጉታል። ደንበኛው እንዳይነካካው ነው፣ ይገባኛል። ግን ጠጋኙም አብሮ ውጭ ይቀራል። የመደብሩ ፕሮግራም ያደረገኝ እንዲህ ነው። ነጭ ገጽ፣ ምንም መልእክት የለም፣ ምንም ቁልፍ አይሠራም።

የርቀት ዲበጊንግ የኋላ በር ነው። ብራውዘሩ ሲነሳ «በዚህ ፖርት (ግንኙነት የሚገባበት ባለቁጥር በር) ላይ አዳምጥ» ተብሎ ከታዘዘ፣ ሌላ ብራውዘር በዚያ ፖርት በኩል መጥቶ ውስጡን ያየዋል። ገጹ ምን እንደጻፈ፣ የትኛው ፋይል እንዳልመጣ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ፣ ሁሉንም። በልማድ የሚሰጠው ቁጥር 9222 ነው፣ ሌላም መስጠት ይቻላል። ሁለቱ የሚነጋገሩት በዌብሶኬት፣ ማለትም ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር፣ ላይ በሚላክ ጄሰን በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ነው።

ዌብቪው2 ላይ በጣም የወደድኩት ነገር የፕሮግራሙን ኮድ ሳትነካ መክፈት መቻሉ ነው። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ኮዱ እኔ ጋ የለም። ልጅቷን በስልክ እንዲህ አልኳት። ፕሮግራሙን ዝጊ። ታስክ ማናጀር ክፈቺና የዌብቪው2 ሂደት የቀረ ካለ እሱንም ዝጊ። ይህችን አትዝለሏት። የቀድሞው ሂደት በሕይወት ካለ አዲሱ ትእዛዝ አይደርሰውም፣ ወይም ገጹ ጭራሽ አይከፈትም፤ በአንድ የመረጃ ፎልደር ላይ ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አብሮ አይሄድምና። ከዚያ የትእዛዝ መስኮቱን፣ ያ ጥቁሩን፣ ክፈቺ አልኳት። እዚያ ላይ አንድ የኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው በስም የተቀመጠ ዋጋ፣ ይሰጣል። ስሙ ዌብቪው2 አዲሽናል ብራውዘር አርጊውመንትስ ነው፣ በላቲን ትልልቅ ፊደል፣ ቃላቱ በታችኛ ሰረዝ ተያይዘው። ዋጋው ሪሞት ዲበጊንግ ፖርት እኩል ይሆናል 9222 ነው፣ ፊቱ ላይ ሁለት ሰረዝ፣ በቃላቱ መካከል አንድ አንድ ሰረዝ። እኔ እዚህ በፊደላችን ብጽፈውም ስትተይቡ በላቲኑ ነው፣ አንዲት ሰረዝ ከጎደለች ዝም ይላል እንጂ «ተሳስተሃል» አይልም። ልጅቷ እንዳትሳሳት ጽሑፉን በቴሌግራም ላክሁላትና ኮፒ አደረገችው። ከዚያ ፕሮግራሙን ከዚያው ከጥቁሩ መስኮት አስነሳችው።

ለምን ከመስኮቱ? ቫሪያብሉን በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ በቋሚነት ማስገባትም ይቻላል፣ ሬጂስትሪ ውስጥም መንገድ አለው። ቫሪያብሉን በቋሚነት ካስገባችሁ ግን ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ዌብቪው2 የሚጠቀም ፕሮግራም ትእዛዙን ይሰማል፣ ነገም ከነገ ወዲያም። ከጥቁሩ መስኮት ሲሰጥ ግን መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። እኔ ሁልጊዜ በዚህ መንገድ ነው የማደርገው።

ቀጥሎ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ኤጅን ከፍታ ሎካልሆስት (ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት ስም)፣ ሁለት ነጥብ፣ 9222፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ መስመር፣ ጄሰን ብላ ጻፈች። «ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ ጋሼ» አለች። ደስ አለኝ። ያ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ውስጥ የተከፈቱት ገጾች ዝርዝር ነው።

እዚህ ላይ «የርቀት» የሚለው ቃል ሰው እንዳያሳስት። ፖርቱ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ነው፣ ማለትም ያው ማሽን ለራሱ ብቻ። ፍኖተ ሰላም ተከፍቶ ደብረ ማርቆስ አይሰማም። መካከል ላይ መሿለኪያ ያስፈልጋል። እኔ ባለፈው ጥር መደብሩ ሄጄ ሳለሁ ይህን አዘጋጅቼ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ኤስኤስኤች፣ በሁለት ማሽኖች መካከል የተመሰጠረ መሿለኪያ የሚከፍተው መሣሪያ፣ አብሮ አለ። የእነሱ ኢንተርኔት በሲም ካርድ ስለሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም፣ ስለዚህ እነሱ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ዴስክቶፓቸው ላይ አንዲት ፋይል አስቀምጫለሁ፤ ልጅቷ ሁለቴ ስትጫናት የእነሱ 9222 እኔ የተከራየኋት ትንሽ ሰርቨር ላይ ብቅ ይላል፣ እኔም ከዚያ ወደ ላፕቶፔ እስበዋለሁ። የእኔም ላፕቶፕ «ሎካልሆስት 9222» ነው የሚለው፣ እሱም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ዴቭቱልስ በስም ለሚመጣ ሌላ አድራሻ አይመልስም፤ ሎካልሆስት ወይም የአይፒ ቁጥር ነው የሚቀበለው።

ከዚያ ላፕቶፔ ላይ በኤጅ የኢንስፔክት ገጽን ከፈትኩ። ኮንፊገር የሚለው ላይ ሎካልሆስት 9222 ጨመርኩ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ የፍኖተ ሰላሙ የሪፖርት ገጽ ርዕስ ስክሪኔ ላይ መጣ። ኢንስፔክት አልኩት።

ኮንሶሉ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ነበረች። የምትለው ይህን ነው፦ ያልተገለጸ ነገር ላይ ርዝመት ማንበብ አይቻልም። ከጎኗ የፋይሉ ስምና የመስመሩ ቁጥር አለ። ተጫንኳት። የወሮች ስም ዝርዝር መጣ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ እያለ ሄዶ ነሐሴ ላይ ቆመ።

ጳጉሜን የለም!

የ13 ወር አገር ውስጥ የሚሸጥ ፕሮግራም 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ጳጉሜን 1 ላይ 13ኛውን ወር ሲጠይቁት ባዶ መለሰ፣ የባዶውን ርዝመት ሊለካ ሞከረ፣ እዚያው ወደቀ። ገጹም ነጭ ሆኖ ቀረ። ይህን የሠራው ሰው ፈረንጅ ቢሆን ባልከፋኝ። ክሮሚየም ራሱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቀዋል፣ ቀን የሚጽፈው ክፍሉ ውስጥ «ኢትዮፒክ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ሊያስተምሩት የማያስፈልገውን ነገር በእጃቸው ጽፈው አንድ ወር ጣሉ። ሰው ለእንቁጣጣሽ ዱቤ በሚሰበስብበት ሳምንት ሪፖርት አልባ ማድረግ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ለማንኛውም፣ ፋይሉን ከመንካቴ በፊት በኮንሶሉ ሞከርኩት። የወሮቹን ዝርዝር በስሙ ጠርቼ መጨረሻው ላይ «ጳጉሜን» ጨመርኩ፣ ሪፖርቱን የሚስለውን ፈንክሽን እንደገና ጠራሁት። በስልኩ ውስጥ ልጅቷ «መጣ! መጣ!» ስትል ሰማሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ የጻፍኩት አንድ ቃል እሷ ስክሪን ላይ ሰንጠረዡን አመጣው። ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ፣ በቆሎ፣ በኩንታል በኩንታል ተደርድሮ። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ስሠራ እንዲህ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

በኮንሶል የተደረገ ነገር ግን ገጹ ሲታደስ ይጠፋል፣ ይህን እወቁ። ደግነቱ የሪፖርቱ ፋይል ፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጦ ነበር። አስተካክዬ በቴሌግራም ላክሁ፣ አሮጌውን ስሙን ቀይራ አስቀመጠችና አዲሱን ተካችበት።

አሁን ስለ ሌላኛው ምርጫ። ፕሮግራማችሁ በሲኢኤፍ ወይም በሲኢኤፍሻርፕ (ሲኢኤፍን ለዶትኔት ፕሮግራመሮች ያቀረበው) የተሠራ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ ላይ ሪሞት ዲበጊንግ ፖርት የሚባል ሴቲንግ አለ፣ ፕሮግራመሩ በኮዱ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ብራውዘሩ ከመነሳቱ በፊት። ከ1024 እስከ 65535 ያለ ቁጥር ይቀበላል። ኮዱ እጃችሁ ከሆነ ከዚህ የቀለለ የለም፣ አንድ መስመር ነው። እዚያው ማሽን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፖርትም አያስፈልግም፣ ሾው ዴቭቱልስ የሚል አንድ ጥሪ መስኮቱን ይከፍትላችኋል። ኮዱ ሌላ ሰው ጋ ከሆነ ግን ያው የ9222 ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ስም ኋላ ተጽፎ ሊሠራ ይችላል፣ ሠሪው ከውጭ የሚመጣ ትእዛዝን ካልዘጋው። ከዘጋው እዚያው ቀረ። እንደ እኔ የሌላ ሰው ፕሮግራም ለሚጠግን ሰው በዚህ በኩል ዌብቪው2 ይበልጥብኛል። ፕሮግራሙን ራሱ ለሚሠራ ሰው ግን ሲኢኤፍሻርፕ አይከፋም፤ አንድ ምክር ብቻ፣ ፖርቱን ለሙከራ በሚሠራው ስሪት ውስጥ ብቻ ክፈቱት፣ ለደንበኛ በሚሰጠው ውስጥ እንዳይገባ። ኪውት ላይም የራሱ ቫሪያብል አለ፣ ኪውት ዌብኤንጅን ሪሞት ዲበጊንግ ይባላል፣ አሠራሩ ከዌብቪው2 ጋር ይቀራረባል።

ሌላ ያገዘኝን ነገር ልጨምር፣ የአማርኛ ፊደል ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠቅማል። እዚያው መደብር ኮምፒውተር ሲቀይሩ የደረሰኙ ስፋት ተበላሽቶ ነበር፣ ቃላቱ እየተገፉ ወደ ታች መስመር ይወርዳሉ። ያኔም በዚሁ መንገድ ገብቼ አየሁት። ዴቭቱልስ ውስጥ ኮምፒዩትድ የሚለው ክፍል ታችኛው ጫፍ ላይ ጽሑፉ በትክክል በየትኛው ፎንት እንደተሳለ ይናገራል። ገጹ የሚጠይቀው ኒያላን ነው፤ የተሳለው ግን በኢብሪማ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ሲመጣ የኖረ ፎንት ነው፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ለብቻው የሚጫን ተጨማሪ ሆነ። አዲሱ ማሽን ላይ አልነበረም፣ ኢብሪማ ተተካበት፣ የፊደሉ ስፋት ተለየ፣ ደረሰኙ ተዛባ። ይህን በግምት ለማግኘት ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? ፊደላችን የትም ቦታ የሚበላሽበት አንዱ ምክንያት የፎንት መተካካት ነው፣ ይህ መሣሪያ ደግሞ በስሙ ይነግርሃል።

ዳታን በተመለከተ ከጠበቅኩት በላይ ቆጣቢ ነው። ስክሪን በሙሉ በምስል የሚልኩት የርቀት ፕሮግራሞች ኔት ሲዳከም ይንተባተባሉ፣ አይጥ ስታንቀሳቅስ ከ3 ሰከንድ በኋላ ነው የሚደርሰው። ይህ ግን በአብዛኛው የሚልከው ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ግን አለ፣ ስትከፍቱት በግራ በኩል የገጹን ምስል ሊያሳያችሁ ይሞክራል። ስክሪንካስት ይባላል። ከላይ በግራ ያለችውን ምልክት ተጭናችሁ አጥፉት፣ ወዲያው ይቀላል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ልጅቷ በስልክ ትነግረኛለች፣ ይበቃኛል።

የሚያስቸግር ነገርም አለው፣ አልደብቅም። በተለይ የእናንተ ክሮምና የፕሮግራሙ ክሮሚየም ስሪታቸው ሲራራቅ። ያን ጊዜ ክሮም ኢንስፔክት ስትሉት የመመርመሪያውን መስኮት ከዚያኛው ስሪት ጋር የሚስማማውን ከኢንተርኔት ሊያመጣ ይሄዳል። ኔት ከሌለ የምትመረምሩበት መስኮት ራሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ከጎኑ ኢንስፔክት ፎልባክ የሚል ሌላ ሊንክ ሲመጣ እሱን ተጠቀሙ፣ ማሽናችሁ ላይ ባለው ይከፍተዋል። በራሳችሁ ስክሪፕት በዌብሶኬት ልትገናኙ የምትፈልጉ ደግሞ ከክሮም ስሪት 111 ወዲህ ከብራውዘር ገጽ የሚመጣ ግንኙነት በነባሪ እንደማይፈቀድ እወቁ፣ ሪሞት አላው ኦሪጂንስ የሚል ትእዛዝ መጨመር ያስፈልጋል። ተራው ክሮም ላይ ልሞክር ያላችሁም ከስሪት 136 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የዘወትር ፕሮፋይላችሁ ላይ ትእዛዙ አይሠራም፣ ሌላ የመረጃ ፎልደር መስጠት አለባችሁ።

እነዚህ ክልከላዎች ዝም ብለው አልመጡም። ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፣ ከ5ቱ ነጥብ 4 ብቻ የምሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በር የይለፍ ቃል የለውም። ምንም። ፖርቱ ከተከፈተ ማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም መጥቶ መግባት ይችላል፤ የገባውን ሰው ኩኪ (መግባቱን የሚያስታውሰውን ትንሽ መረጃ) ያነባል፣ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ያያል፣ የፈለገውን ኮድ ያስኬዳል። ክሮም በስሪት 136 የዘጋው ሌቦች በዚህ በር ኩኪ ስለሚሰርቁ ነው። የእኛ ሰው መደብር ላይ አስቡት። የዱቤው መዝገብ እዚያ ገጽ ላይ ነው። ማን ስንት እንዳለበት፣ የማን እህል በመያዣ እንደተቀመጠ። በከተማዋ ሰው በሰው የሚተዋወቅበት ቦታ ይህ ቢወጣ እትዬ ደንበኞቻቸውን በምን ዓይናቸው ያዩአቸዋል? ስለዚህ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትክፈቱ። እኔ እትዬን በስልክ አግኝቼ «አሁን እርስዎ የሚያዩትን እኔም አያለሁ፣ ስጨርስ እዘጋዋለሁ» አልኳቸው። «አንተን አምኜ ነው ልጄ፣ ብቻ ዘግተኸው ውጣ» አሉኝ። መሿለኪያውንም ሰርቨራችሁ ላይ ለዓለም ሁሉ አትክፈቱት፣ እሱም ሎካልሆስት ላይ ብቻ ይሁን። የካፌና የሆቴል ዋይፋይ ላይ «ለጊዜው» ብሎ ማንኛውም አድራሻ እንዲገባ የሚያደርግ ሰው አይቻለሁ፤ አታድርጉት።

ለማን ይሆናል? ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በየከተማው ያለ ሶፍትዌር የሚጠግን ልጅ ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ። ዳንግላ ያለ ፋርማሲ፣ ቡሬ ያለ የግንባታ ዕቃ መደብር፣ ሞጣ ያለ ክሊኒክ፣ ሁሉም ዛሬ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነው የሚጠቀሙት፣ ሠሪዎቹም ሩቅ ናቸው። ጃቫስክሪፕት ጨርሶ ለማያነብ ሰው ግን ብዙ አይጠቅምም፣ ቀይ መስመሩን ያያል እንጂ ምን እንደሚል አይረዳም። እሱም ቢሆን ቀይዋን መስመር ፎቶ አንስቶ ለሠሪው መላክ ይችላል፣ «አልሠራም» ብሎ ከመደወል በብዙ ይሻላል።

ወደ ፍኖተ ሰላም ልመለስ። ፋይሉ ከተተካ በኋላ ልጅቷ ፕሮግራሙን ዘጋች፣ ጥቁሩን መስኮት ዘጋች፣ የመሿለኪያዋንም ፋይል ዘጋች። ከዚያ ፕሮግራሙን እንደ ወትሮው ከዴስክቶፕ አስነሳችው። ሪፖርቱ መጣ። አላበቃንም አልኳት፤ ኤጅ ላይ ያንን የ9222 አድራሻ እንደገና እንድትጽፍ ነገርኳት። ገጹ ሊደረስበት አልቻለም የሚለውን መልእክት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከሥሩ «ተዘግቷል ጋሼ፣ ለእትዬም ነገርኳቸው» ብላ ጽፋበታለች። በማግስቱ ሩፋኤል ነበር፣ ዱቤ ሰብሳቢው በዝናቡ ውስጥ የታተመውን ሪፖርት ይዞ ወጣ።